ሳጥኑ ሊከፈት ሲል

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ከደሴ ወርዳ በኮምቦልቻ አስፋልት ላይ እያዘገመች ስትለፍፍ ሰማሁ። «ሀብት ፍለጋ ባሕር ያቋረጠችው ልጅ! ቤተሰብ ሁሉ የሚያየው የካርቱን ፊልም! ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሴ ሲኒማ ቤት በድጋሚ ይታያል!» ወዲያው የፊልሙ ሙዚቃ ተከተለ፤ ያንን ሙዚቃ ስሰማ ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ መንገድ ዳር ዘለልኩ። ወላሂ ዘለልኩ! አስራ ስድስት ዓመት የሞላኝ ልጅ ነኝ፣ ሰው ያየኛል ብዬም አላፈርኩም። ያን ፊልም ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አይቼዋለሁ፣ መጨረሻውን ግን አላየሁትም።

ያኔ እናቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል በፈረቃ ትሠራ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር አሰብ ወርዶ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፉ ነበርና፣ ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔ፣ እናቴና የእናቴ እንቅልፍ ነበርን። ክረምት ሲገባ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ አመዳይ ተነስንሶ ትመጣና፣ አንድ ጫማዋን ብቻ አውልቃ መደቡ ላይ ትወድቅ ነበር። «እማ፣ ዛሬ እኮ መምህራችን...» ስላት «እህ» ትለኛለች፤ ሁለተኛው «እህ» ግን አይመጣም። በጋ ሲሆን ደግሞ የኮምቦልቻ ሙቀት ቀን አያስተኛትም፤ በዚያ ላይ የቀበሌው ስብሰባና የፋብሪካው ውይይት ክበብ ተጨምሮባት፣ ዓይኗን ገልጣ መተኛት ተምራ ነበር። የሚገርመኝ፣ ሰፈሩ ሲንጫጫ አትነቃም፤ ድንገት ጸጥ ሲል ነው የምትባንነው። ክር ሲበጠስ የሽመናው ማሽን ቀጥ ብሎ ይቆማልና፣ እሷን የሚያስደነግጣት ዝምታ ነበር።

ኢድ ሲቃረብ የሰፈሩ ልጆች ስለ አዲስ ቀሚስ ሲያወሩ፣ እኔ «ደሴ ወስደሽ ፊልም አሳዪኝ» አልኳት። የፈለግሁት ፊልሙን ብቻ አልነበረም። አጠገቤ ቁጭ ብላ አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራኝ እንድታይ ነበር። «ኢንሻ አላህ» አለችኝ፤ ቃሏንም ጠበቀች፤ ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣች ፊቷን ታጥባ ይዛኝ ወጣች። ከእናቴ ማሽን ፊት ለፊት ባለው ማሽን የምትሠራው ጓደኛዋ ዘሐራም አብራን መጣች። አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ እናቴ መስኮቱን ተደግፋ ተኛች፤ ዘሐራ ፊቴ መክፋቱን አይታ «አይዞሽ ሰዓዳ፣ ሲኒማ ቤት ስንገባ ከወንበሩ ጋር አስረን እናስቀምጣታለን» አለችኝ።

ፊልሙ ስለ አንዲት ልጅ ነበር፤ አያቷንና አንድ ግትር ፍየል አስከትላ፣ ቅድመ አያቷ የቀበሩትን ሳጥን ፍለጋ በጀልባ የምትሄድ። ቋንቋው የባዕድ ቢሆንም ሁሉም ይገባኝ ነበር። እናቴ ግን ጀልባዋ ከዳር እስክትርቅ እንኳ አልቆየችም። ስቆነጥጣት ዓይኗን ሳትገልጥ «እያየሁ ነው፣ እያየሁ ነው» ትላለች። ማዕበሉ አለፈ፣ ፍየሉ ባሕር ውስጥ ወድቆ ወጣ፣ አሸዋው ተቆፈረ፤ ልጅቷ የሳጥኑን ክዳን ስትይዝ ደግሜ ቆነጠጥኳት፤ በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ሙዚቃው ተቋርጦ አዳራሹ ጸጥ አለ።

እናቴ ብድግ አለች። በጨለማው እጆቿን ዘርግታ እየዳበሰች፣ ከፊት የተቀመጠውን ሰውዬ ፀጉር ጨምድዳ ያዘች። «ክሩ! ክሩ የታል? ዘሐራ፣ ማሽኑ ቆመብኝ!»

«ኧረ ሴትዮ፣ ፀጉሬን!» ብሎ ሰውዬው ጮኸ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዘሐራ ተነስታ «ምን ያስገለፍጣችኋል? መጀመሪያ እሷ የሸመነችውን ሸሚዛችሁን አውልቁ፣ ከዚያ ሳቁ!» ስትል ሳቁ ባሰ፤ ሰውዬው ራሱ ፀጉሩን እያሻሸ ሳቀ። እኔ ብቻ አለቀስኩ። መብራቱን እስኪመሽ ብንጠብቅም ሳይመለስ፣ ሰዓት እላፊውም ስለሚያሰጋ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ወጣን።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ በሻሿ ጫፍ እንባዬን ጠርጋ «አብሽሪ ልጄ። በይ ንገሪኝ፣ ያ ፍየል መጨረሻው ምን ሆነ?» አለችኝ። እየተነፋረቅሁ ጀመርኩ፤ ከዚያ ማዕበሉን በእጄ፣ ፍየሉን በድምፄ እያሳየሁ ስነግራት፣ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል ኮምቦልቻ ደረስን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታንቀላፋ ሰማችኝ።

«ሳጥኑስ?»

«አልተከፈተም እኮ!»

«ታዲያ አንቺ ክፈቺዋ።»

ከዚያ ወዲህ ከፈረቃ ስትመለስ ሳጥኑን እከፍትላት ነበር፤ አንድ ቀን የአሰብ ጨው፣ ሌላ ቀን አባቴን ራሱን ከውስጡ አወጣላት ነበር። ክዳኑ ሳይነሳ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እኔ ግን እስከ መጨረሻው እናገር ነበር። ዛሬ ብዕር ስይዝ የማልፈራው በዚያ ይመስለኛል።

እናቴ አሁንም እዚያው ማሽን ላይ ናት። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ጆሮዋ ደክሟል፤ ከንፈሬን እንድታይ ፊቷ ቆሜ ነው የማወራት። ያኔ እንቅልፏ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬ ውኃውን ቀድቼ፣ ምሳውን ሠርቼ፣ ወገቤን ይዤ ስቀመጥ ድካሟ ይገባኛል፤ እሷ ስትተኛ በሩን በቀስታ እዘጋላታለሁ። ማክሰኞ ወሬውን ስነግራት ከንፈሬን ትክ ብላ አይታ «ፈረቃ እቀይራለሁ። ብተኛ ግን መቆንጠጥ የለም!» አለችኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እናንተም ቅዳሜ ኑ። እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከሥራ የሚወጡትንም በር ላይ ጠብቃችሁ አምጧቸው። ጀልባዋ ሳትርቅ ቢተኙም ተዉአቸው፣ ትከሻችሁን ብቻ አመቻቹላቸው፤ ያመለጣቸውን ሐረጎን ስንወርድ እንነግራቸዋለን።