መጀመሪያ ፍሪጁ

ሰውየው የለበሰው ቱታ የሜካኒክ ነው፤ ደረቱ ላይ የነበረው ዓርማ ተፈትቶ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ቦሌ ውስጥ ጄኔሬተር የገዛ ሁሉ የሚያስጠራው እሱን ነው። መብራት በጠፋ ዕለት ወይዘሮ አልጣሽ ቤት መጣና መጀመሪያ የፍሪጁን ጀርባ አየ። ፍሪጁ ውስጥ የባላቸው የስኳር መድኃኒት አለ፤ ሞቆ ከተበላሸ ምትክ አይገኝም።

«ጄኔሬተሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋት ነው» አሉት። «ካውያውን፣ አምፖሎቹንና ፍሪጁን ደምሬያለሁ፤ ይችላል።»

«ድምሩ ልክ ነው፣ እትዬ። ግን ፍሪጅ ሲሠራ ሁለት መቶ ይበላል፤ ሲነሳ ስምንት መቶ ይጎርሳል። ካውያው ይቅር፤ ሸሚዝ ተጨማዶም ይለበሳል።»

እሳቸው ማሽኑን ዕቃ ቤት ከተው በሩን ሊዘጉበት አስበዋል። «ውጭ ከሆነማ አብዮት ጥበቃ ሰምቶ ‹ቤንዚኑን ከየት አመጣችሁ?› ይለናል!»

«ይበል። ድምፅ ያስጠይቃል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ጭሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አይጮህም።»

እየጎተተ ግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር አቆመው፤ ጭስ ማውጫውንም ከመስኮቶቹ ወዲያ አዞረ። ምንም ሳይሰካ አስነሳው፤ ድምፁ እስኪረጋ ጠበቀ። ከዚያ ፍሪጁን፣ ቀጥሎ አምፖሎቹን አንድ በአንድ።

ምሳ ሲቀርብለት ሳህኑን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው! በሩን ልዝጋው።»

«በር በተዘጋበት ቤት አልበላም፣ እትዬ። ጭሱ ቤተሰቤን በተኙበት ከወሰደብኝ ዘጠኝ ዓመቴ» አለ፤ ዓይኑ የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ነበር።

ወይዘሮ አልጣሽ ገብተው የመድኃኒቱን ብልቃጥ ዳሰሱ። «እንደቀዘቀዘ ነው» አሉ ሲመለሱ፤ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና አጠገቡ ተቀመጡ።