ያለ ቀበቶ

ፖሊሶቹ ነገሌ ገበያ ዳር ካለው ሱቄ ሲወስዱኝ «ለአንድ ጥያቄ ነው» አሉኝ። ጥያቄውን ረስተውት መሰለኝ፣ ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ብቻ ተቀብለው አስገቡኝ። ክፍሉ በረኪናና ላብ ይሸታል። የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ይጋረፋል።

ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የሊበን ከብት ነጋዴ ነበር። «ከጋሼ ጎን ተኛ» አለኝ። «ዘፋኝ ናቸው። ሸክላም አሳትመዋል አሉ!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ጋሼ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ተነሡና ቦታ አካፈሉኝ። ከመንግሥት ለውጡ በፊት ከጦር ሰፈሩ ባንድ ጋር የሶል ሙዚቃ ይዘፍኑ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን እዚሁ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ ዘፍነው አያውቁም። እሳቸው እዚህ ታስረው ባለቤታቸው ቤት ውስጥ ታመው ተኝተዋል። ጋሼን የሚያስጨንቃቸው ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት የጣቢያው ኃላፊ በሩን አስከፈተ።

«ዘፋኙ፣ ዛሬ እንግዶች አሉብኝ። እኛን የሚያወድስ ሞቅ ያለ ነገር ትዘፍናለህ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤትህ።»

«መጀመሪያ ቀበቶዬን» አሉ ጋሼ። «ሱሪዬን ይዤ መድረክ ላይ አልወጣም።»

ኃላፊው ሳቀና አስመጣላቸው። ቀስ ብለው ታጠቁ። ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ።

«የፍቅር ዘፈን እዘፍንልዎታለሁ። መንግሥት ማወደሱን ግን ድሮ ጠግቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ቀበቶውን መልስ!»

ጋሼ ፈቱት፣ ጠቀለሉት፣ በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሱሪያቸው ሲንሸራተት እንኳ አልቸኮሉም።

በሩ ሲዘጋ ካቦው አላስቻለውም። «ምነው ጋሼ! ባለቤትዎ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ያንን የፍቅር ዘፈን ለእኛ ጀመሩት። ድምፃቸው መጀመሪያ ሻከረ፣ በኋላ ግን ተከፈተ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ካቦው «ዱጋ! እውነታቸውን ነው ለካ» አለ። ማንም አላጨበጨበም። አንድ የጉጂ አባት መዳፋቸውን ዘርግተው ሲመርቁ፣ በየምርቃቱ መሃል ሁላችንም «ናጋ፣ ናጋ»፣ ሰላም ሰላም፣ እያልን ተቀበልን።

በቅርቡ ባጃጅ ውስጥ ያው የጋሼ ዘፈን ሲጫወት ሰማሁና ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ። ውጭ አገር እንደገና ታትሞ ከወጣ የድሮ ሸክላዎች ስብስብ ነው አለኝ ሹፌሩ፤ ሰው ሁሉ በአዲስ ዘፈን ደንብ እየተቀባበለው ነው። ስልኩን ሰጠኝ። ባለ ሰፊ ኮሌታ ወጣት ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ዘፋኙ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ እንደጠፋ ተጽፏል። ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም።

«የት ጠፍቶ ይሆን?» አለ ሹፌሩ።

«አልጠፉም፣ ወንድሜ» አልኩት። «እዚሁ ነገሌ ነበሩ። ከእስር እንደወጡ ባለቤታቸውን በእጃቸው እያጎረሱ አስታመሙ፣ ቀበሯቸው፣ እሳቸውም እዚሁ አረፉ። ፈልጎ የመጣ ሰው ነው ያልነበረው።»