ሁለቴ የተቆረጠ ኮት

በስፌት ቤቱ «ሚሊሜትር» ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሲቆርጥ መቀሱ ከጠመኔው መስመር ወጥቶ አያውቅም። ውድ ጨርቅ ሲመጣ አለቃው ሌላ ሰው አያስነካም። ደንበኛ ገና ከበሩ ሲገባ አይቶ «የግራ ትከሻው ዝቅ ይላል» የሚል ሰው ነው፤ ሜትር አውጥተው ሲለኩት እውነትም ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ታዲያ ይኸው ሰው ካናቢስ ያጨሳል። የጀመረው በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጎንበስ ብሎ መዋል አንገቱን ቢያሠቃየው አንድ ጓደኛው «ይኼ ያፍታታሃል» ብሎ ሰጠው። አፍታታውም። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ከዚያ ማታ ማታ ሆነ፤ አርባን ሲሻገር ደግሞ በምሳ ሰዓት ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ የውኃ ታንከሩ ሥር ቆሞ ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ ማድረግ ያዘ። ለጠየቀው ሁሉ «እጄን ያረጋጋልኛል» ነበር መልሱ። እጁ የተረጋጋ ስለነበር የሚከራከረው አልተገኘም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የባላቸውን ኮት ይዘው መጡ። ጥቁር ሰማያዊ ወፍራም ሱፍ ነው፤ ገበሩ ብብቱ ሥር ሳሳ ብሏል።

«ለማን ይሁን፣ እናት?» አላቸው።

«ለራሴ ነዋ። አርባ ዓመት አብሬው ስሄድ ኖሬ አሁን ብቻዬን መንገድ መውጣት አቃተኝ። አጥብብልኝ፣ ልጄ።»

ለካቸው። ከየጎኑ አራት አራት ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ አሰመረ፤ ስፌቱን ተርትሮ ከምሳ በፊት ቆረጠው። ከዚያ ታንከሩ ሥር ሄዶ አጨሰ። ሲመለስ ጨርቁ እንደተዘረጋ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ያ ደስ የሚል ጭጋግ ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ። አራት ሳንቲ ሜትር ለካ፣ አሰመረ፣ ቆረጠ። መቀሱን ካስቀመጠ በኋላ ነው እግሩ ሥር ያለውን ያየው። ወለሉ ላይ ቀድሞ የወደቀ ሌላ ቁራጭ ነበር። ለካ ቆርጦ፣ ረስቶ፣ ደግሞ ቆርጦታል።

በስህተት የተሰፋ ይተረተራል፤ በስህተት የተቆረጠ ግን ሄደ ነው። ኮቱ ከእንግዲህ ለአዋቂ ሰው የሚሆን አልነበረም።

ሐሙስ እናትየዋ ሲመጡ አለቃው «እኔ ልንገራቸው?» ቢለው እንቢ ብሎ ራሱ ወጥቶ ሁለቴ መቁረጡን ነገራቸው። እሳቸውም ቁራጮቹን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡ። ቢጮኹበት በተሻለው።

«አሞህ ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

«አዎ፣» አለ።

«እግዜር ይማርህ፣» አሉና ኮቱን ከነቁራጩ በፌስታል ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ባለፉ ቁጥር በበሩ ብቅ እያሉ «ተሻለህ?» ይሉት ጀመር። «ደህና ነኝ» ይላል፤ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር።

ኮቱን ባበላሸበት ሳምንት ነገሩን ሁሉ ለባለቤቱ ነገራት። መምህርት ናት፤ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በቃ ተወዋ።»

«ልቀንሰው ብዬ ነው።»

«መቀነስ ከጀመርክ ስንት ዓመትህ?»

በማግስቱ የስፌት ቤቱን ልብስ ተኳሽ አማከረ፤ ካውያ ይዘው ያረጁ፣ ብዙ ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው። «እኔም መጠጥ ልቀንስ ብዬ ነበር፤ ስቀንስ ስቀንስ አንድ በርሜል ጨረስኩ፣» አሉት እንፋሎት ውስጥ ሆነው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌው ረጋ ብለው «ሰው እንደየራሱ ነው። አንዱ ቁርጥ አድርጎ ይተዋል፤ አንዱ ቀስ በቀስ ይላቀቀዋል። አንተ የትኛው እንደሆንክ እኔ በምን አውቄ» አሉ። እሱስ በምን ይወቅ?

መጀመሪያ መተውን ሞከረ። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። እንቅልፍ ጠፋ፣ አንሶላው በላብ ራሰ፣ የበላው ሁሉ አፉ ውስጥ እንደ ጥጥ ሆነበት። ከሁሉ የባሰው ግን ያ የሚመካበት እጁ መንቀጥቀጡ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እግሩ ወደ ታንከሩ ወሰደው።

ቀጥሎ መቀነስን ሞከረ። ቅጠሉን የሚያስቀምጥባትን ጣሳ ለባለቤቱ አስረክቦ «እሁድ እሁድ ብቻ ስጪኝ» አላት። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሁለት እሁድ እንደ ደንቡ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሥራ ገብቶ «የዛሬን ብቻ» አለ።

«እሁድ ብለህ የለም እንዴ?»

«ቁልፉን አምጪ አልኩሽ።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሯት አያውቅም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ቀና ብላ አየችውና ደብተሯን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ባለቤቱ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። «እኔ ሚስትህ ነኝ፤ ዘበኛህ መሆን አልችልም፣» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ጤና ጣቢያም ሄደ። ነርሷ ሳትቆጣ አዳመጠችው። «መተው ነው የሚፈልጉት ወይስ መቀነስ?»

«ሁለቱንም እፈልጋለሁ፤ ሁለቱም አቃቱኝ።»

ባጨሰ ቁጥር ሰዓቱን የሚጽፍበት ወረቀት ሰጥታ ለአሥራ አምስት ቀን ቀጠረችው። ወረቀቱ በአራት ቀን ሞላ። በቀጠሮው ዕለት እስከ ጤና ጣቢያው በር ደርሶ፣ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ እየጨመደደ ተመለሰ።

በማግስቱ አለቃው አንድ ጣቃ ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። መቀሱን አነሣ። ለካ። ቆርጬው ይሆን ብሎ ወለሉን አየ፤ ምንም የለም። ደግሞ ለካ፤ ደግሞ ወለሉን አየ። ሦስተኛ ሊለካ ሲል መቀሱን አስቀምጦ አለቃው ዘንድ ሄደ።

ቤቱ ሲገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«ተውኩት፣» አላት ለባለቤቱ።

ፊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ። «የምርህን ነው? ጨርሰህ?»

«ጨርሼ። ከነገ ጀምሮ መኪና ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ፤ መቁረጡን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

የተወው ምኑን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ቢያንስ የሰው ልብስ አላበላሽም፣» አለ።

ባለቤቱ ተመልሳ ደብተሮቿን ሳበች። ልጅቱ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ ይዛ ከጓዳ ወጣችና ሰጠችው። መርፌና ክር አወጣ። አራት ጊዜ ሞከረ፤ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለው። በአምስተኛው ልጅቱ ተቀብላ አስገባችለት።