የጆቴ ሳጥን

እትዬ የሺዓለም ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባለው ግቢያቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሰርቪሷን ያከራያሉ። ደግ ናቸው፤ ሰው ለማመን ግን ቸኩለው አያውቁም።

ጆቴ የሚባል ዝምተኛ የወለንጪቲ ልጅ ሰርቪሷን ሲከራይ "የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ነኝ" አላቸው። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ላይ ረጅም አንቴና ተከለ። በመስኮት ሲያዩት ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ከጥቁር የብረት ሳጥን ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጧል። በስክሪኑ ላይ ቀለም እንደ ፏፏቴ ይወርዳል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መቀበያ ነው፣ እትዬ። ተራ ሬዲዮ አንድ ጣቢያ ነው የሚይዘው። ይሄ ለባለሙያ የተሠራ ነው፤ ኮምፒውተሩ እየተነተነ አየር ላይ ያለውን ሞገድ በአንዴ ያሳየኛል።"

ታዲያ የሰው ስልክስ ይይዝ ይሆን? ሲሉ ሰጉ። ከዚያ ወዲህ ሻሸመኔ ካለችው ልጃቸው ከሃኒ ጋር ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልታን፣ እትዬ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው፣ ማታ ያወሩትን እያስታወሰ ፈገግ ያለ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ አላስችል ቢላቸው ለሰፈሩ ጸጥታ ኃላፊ ደወሉ።

"የሰው ስልክ የሚጠልፍ ልጅ ግቢዬ ገብቷል" አሉ።

ፖሊሶች መጥተው ጆቴን ከነሳጥኑ ወሰዱት። በማግስቱ የሬዲዮ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ሄደው፣ ስርጭታችንን የሚረብሽ ሞገድ ከየት እንደሚነሳ እንዲፈልግ ያሰማራነው እኛ ነን ብለው አስፈቱት።

ሲመለስ እንደ ወትሮው ሰላም አላቸው። ያኔ ጭንቀታቸው ባሰ። የጠቆሙት በስልክ ነው፤ ሳጥኑ ስልክ የሚሰማ ከሆነ ጉዳቸውን ያውቃል። የማይሰማ ከሆነ ደግሞ የበደሉት ንጹሕ ሰው ነው። ፊቱን ቢያጠኑት ምንም አይነበብበትም። 

አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩ።

"ጆቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። የሰው ስልክ ትሰማለህ?"

"አልሰማም። የስልክ ንግግር የተቆለፈ ነው፤ ሞገዱን ባየውም አይፈታልኝም።"

"ማን እንደጠቆመብህስ?"

"አላውቅም።"

"እኔ ነኝ።"

የሚጠቀልለውን ሽቦ አስቀመጠ። "ያኔ ይህንኑ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?" አለ።

ወሩ ሲያልቅ ለቀቀ። እትዬ የሺዓለም ትራሱን ይዘው እስከ ባጃጁ ሸኙት። ተቀብሎ አመሰገናቸው። የሚገባበትን ሰፈር ሲጠይቁት ግን፣ "እዚሁ አዳማ ነው" ብሎ ባጃጁ ውስጥ ገባ።