ሾፌሩን ሊያመጣ የሄደው ሾፌር

ሰሞኑን ላፕቶፔ እየደጋገመ ይጠፋብኝ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ሳበራው ስክሪኑ ላይ “ድራይቨሩ ጊዜው አልፎበታል” የሚል ጽሑፍ አወጣ። ብቻዬን ሳቅሁ። ብዙ ጊዜ ብቻዬን አልስቅም።

ያሳቀኝ የብዙ ዓመት ትዝታ ነው፤ ኦክላንድ ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ መኮንን ጋር የምኖርበት ጊዜ ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል። እኔ ቀን ቀን መጦሪያ ቤት አረጋውያን አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፤ ማታ ደግሞ የቢሮ ሥራ ኮርስ እማራለሁ። ወገቤ ገና በወጣትነቴ እምቢ ማለት ጀምሮ ነበርና፣ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ካላገኘሁ መጨረሻዬ አያምርም ነበር። የኮርሱ የመጨረሻ ሥራ ታትሞ ሰኞ መግባት አለበት፤ ያላስገባ ሰርተፊኬት የለውም።

የምጽፍበትን ኮምፒውተር የሰጠን ሳን ሆዜ የሚኖር ዳዊት የሚባል የጉባኤያችን ልጅ ነው፤ ሙያውም ኮምፒውተር ነው። ጋሼ በታክሲው ጭኖ አመጣልኝ። አሮጌ ፕሪንተር ከጎረቤት አገኘሁ። ጽሑፉን ጨርሼ አትም ስለው ግን ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ድርቅ አለ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። አትም ባልኩት ቁጥር ያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዳዊት ደወልኩና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት። ውጭ የየካቲት ዝናብ ይወርዳል፤ እዚህ አገር ኮረብታው የሚለመልመው ያኔ ነው። ጋሼ ከመንገድ ዳር የገዛውን ቡሪቶ የሚሉትን የቂጣ ጥቅልል ቆሞ ይበላል። በዚያው ሳምንት አለቃው የጠዋት ተራውን ለአንድ ጎረምሳ ሰጥቶበት ስለነበር አኩርፏል።

“እህት አልማዝ፣ ገባኝ” አለ ዳዊት። “ችግሩ ድራይቨሩ ነው። አርጅቷል። እሱን አውጥተሽ በአዲስ ቀይሪው።”

ጋሼ ቡሪቶውን አስቀመጠ።

“ማነው ያረጀው?”

“ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም...”

“እዚህ ቤት ሌላ ድራይቨር አለ? እንደ እንቁላል ይዤ ነው ያመጣሁት! የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለስኩ ሰው፣ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ዕቃ ሰበረ ልባል?”

እኔም ነገሩ አልገባኝምና ላስረዳው አልቻልኩም። ዳዊት ሌላ መንገድ ሞከረ።

“ጋሼ፣ ፕሪንተሩን ተሳቢ ነው ይበሉ። ተሳቢ ያለ ሾፌር ይሄዳል?”

“አይሄድም።”

“የታክሲ ሾፌር ቢያስቀምጡበትስ?”

“ገደል ይከተዋል!”

“እንዲያ ነው የሆነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፕሪንተሩን የሚነዳው ፕሮግራም ያረጀ፣ የሌላ ፕሪንተር ሾፌር ነው።”

ጋሼ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ተመለከተው። “ታዲያ ከመጀመሪያው ሾፌር አትልም? ትክክለኛው የት ነው ያለው?”

“ከኢንተርኔት አውጥቼ ዲስክ ላይ ላደርገው እችላለሁ። ግን እናንተ ጋ እንዴት...”

“በርህን ክፈት፣ መጣሁ” አለና ቁልፉን አነሳ።

በዚያ ዝናብ ሄዶ፣ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ተመለሰ። ዳዊት በስልክ “አሁን ‘የስ’ የሚለውን ተጫኚ፣ ሪስታርት አድርጊው” እያለ መራኝ። አትም አልኩት። ፕሪንተሩ ካንገራገረ በኋላ ወረቀቱን መሳብ ጀመረ። ጋሼ አጠገቡ ቆሞ፣ “ቀስ፣ ቀስ በል፣ ማርሽ ቀንስ” ይለው ነበር፣ የመጨረሻው ገጽ እስኪወጣ።

አመሰግናለሁ አላልኩትም፤ በቤታችን አልተለመደም። ቡሪቶውን አሙቄ ሰጠሁት። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁበትን የክሊኒክ ወንበር ያገኘሁት በዚያ ሰርተፊኬት ነው።

አምና የጋሼ ዓይን ደከመና መንዳት ተወ። ቁልፉን ራሱ መዳፌ ላይ አኖረው። አሁን እሁድ እሁድ ካስትሮ ቫሊ ወዳለው ጉባኤያችን የምነዳው እኔ ነኝ። ትናንት መንገድ ላይ ላፕቶፔ ያለውን ነገርኩት።

“አዲሱን አስገቢ” አለኝ። “አሮጌውን ግን አትጣይው፤ ጎንሽ አስቀምጪው።”

ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ፣ “ማርሽ ቀንሺ” አለ። መኪናዬ አውቶማቲክ ናት። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።