ቢንያም የቆለፈልኝ ቀን

ኦክላንድ ውስጥ ላሜራ ቆራጭ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ማሽን አላስነኩኝም። ፎርማኑ ሬይ አንድ ቀይ ጓጉንቸር ከነመክፈቻው አምጥቶ ስሜን በማርከር ጻፈበት። «ማሽን ልትጠግን ወይ ልታጸዳ ስትል መብራቱን ታጠፋለህ፣ ማጥፊያው ላይ ይህን ትቆልፋለህ፣ መክፈቻውን ኪስህ ትከታለህ። አምስት ሰው ከሠራችሁ አምስት ጓጉንቸር፤ አምስቱም ካልተፈቱ ማሽኑ አይነሳም» አለኝ። እስከ ምሳ ድረስ ያንኑ ሲያስደጋግመኝ አረፈደ። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ብረት ለቆረጠ ሰው ንቀት መስሎኝ በሽቄ ነበር።

ብስጭቱ ብዙ አልቆየም። ላሜራ ያለ ጓንት እንደማይነካ አውቅ ነበር፤ በሚሽከረከር ድሪል አጠገብ ግን ጓንት እጅን ጠምዝዞ እንደሚወስድ የተማርኩት እዚያ ነው። ግራይንደር ሳነሳም መነጽር ብቻ አይበቃም፣ ሙሉ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሊድ፣ ማለትም የቡድን መሪ፣ ሆንኩ። አዲስ ገቢዎችን የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ሳይቆልፍ የሚሠራ ካየሁ አልምርም፤ ከሩቅ ሲያዩኝ «ፖሊሱ መጣ» ይባባላሉ። ደስ ይለኝ ነበር።

ቢንያም በዲቪ የመጣ፣ ከሳን ሆዜ እየተመላለሰ የሚሠራ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሜካኒክ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ፣ ትልቅ ሰው ሲደክም ቆሞ ማየት አይችልም። መፍቻ ሳነሳ ይቀማኛል፣ ስገባ ከወንበሩ ይነሳል። «ልጅህ ነው እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ወድጄው ነበር። የወለድኳቸው ልጆች ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ኦኬ ዳድ» ነው የሚሉኝ።

አንድ ጠዋት ትልቁ መቁረጫ ላይ ቁርጥራጭ ላሜራ ተሰነቀረ። ማጥፊያው ያለው ግድግዳው ጥግ ነው፤ ጉልበቴን ደግሞ ያን ሰሞን ያመኝ ነበር። ጓጉንቸሬን ይዤ ስነሳ ቢንያም ቀደመኝ።

«ኧረ በፈጠረዎት ጋሼ፣ አይድከሙ! እኔ ሎክ አደርገዋለሁ።»

«የእኔስ?»

«የእኔ ለሁለታችንም ይበቃል። አረፍ ይበሉ።»

ጓጉንቸሬን ኪሴ ከተትኩት። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባየው ኖሮ ሰማይና ምድር አደባልቅ ነበር።

እሱ ከፊት ሴንሰር ቀየረ፤ እኔ ከማሽኑ ኋላ ቁርጥራጩን አወጣሁና «ጨርሻለሁ» አልኩት። የራሱን ጓጉንቸር ሊፈታ ሄደ። በዚህ መሀል ከምላጩ ሥር አንድ ቁራጭ ቀርታ አየኋትና እጄን መልሼ አስገባሁ።

ሞተሩ ሲያጉረመርም እጄን ሳብኩ። ጓንቴን ላሜራው ይዞት ቀረ። ቢንያም ለሙከራ ፔዳሉን ረገጠ፣ ምላጩ ወረደ፣ የጓንቱ ጣቶች እሱ ፊት ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

«ጋሼ!» ሲል ድምፁ ከሰው የሚወጣ አይመስልም ነበር። ዞሮ እየሮጠ መጣ። እጄን አነሳሁለት። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠራቸውና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቱ ግን እፍረቱ ባሰብኝ።

ሬይ ሁለታችንንም ቢሮው ጠርቶ «የአንተ ጓጉንቸር የት ነበር?» አለኝ። ሳይቆልፍ የገባ ሊባረር እንደሚችል ሦስታችንም እናውቃለን። ቢንያም አሁንም ቀደመኝ። «ቆልፎ ነበር። መክፈቻውን ከጃኬቱ ወስጄ የፈታሁት እኔ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ።

ሬይ ወደ እኔ ዞረ። ወዲያው አልመለስኩም። የቤት ኪራዬን አሰብኩ፣ ዕድሜዬን አሰብኩ። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ከዚያ «ውሸቱን ነው። አልቆለፍኩም። እሱ ሲቆልፍልኝ ዝም ብዬ አየሁት» አልኩ።

«ሰው የምታስተምረው አንተ?» አለ ሬይ።

ሊድነቴን ተነጠቅሁ፣ ሁለት ሳምንት ታገድኩ። ቢንያም በማስጠንቀቂያ አለፈ። ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ «ምን ነበረበት ዝም ቢሉ?» ብሎ ተቆጣኝ።

«አክብረኸኝ እጄን ልትቆርጠኝ ነበር። ደግሞ አክብረኸኝ ልትባረር?» አልኩት።

እኔ ጡረታ ወጣሁ። ቢንያም ሚልፒታስ ከተማ ሌላ ወርክሾፕ ገብቶ ሊድ ሆኗል። ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከአገር ቤት መጥተው ሃየር ተደረጉ። አንተው ቆልፍልኝ ሲሉኝ እምቢ አልኳቸው። ይኸው ሳምንታቸው፣ ኩርፊያ ነው።»

«ሰላም ትላቸዋለህ?»

«ጠዋት ጠዋት ከወንበሬ ተነስቼ። እሳቸው ናቸው የማይመልሱት።»

«ተዋቸው፣ ጣታቸውን ይዘው ያኩርፉ» አልኩት።

እጁን ማሽን ውስጥ የሚያስገባ ሰው ጓጉንቸሩን ራሱ ይቆልፋል፣ ራሱ ይፈታል። በዚህ ነገር ታላቅና ታናሽ የለም።