ሁለቱ ሄልጋዎች

ረፋድ፣ ከሞርተንሩድ፣ ኦስሎ ዳርቻ

ዛሬ ከጽዳት ሥራ መልስ እንደገና ከቤት የወጣሁት አንድ የስም ዝርዝር ለማስረከብ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ጋምለ ኦስሎ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ጉሮሮ በሚዘጋው ዘጊ አናዳ፣ በሳምባ ነቀርሳና በኩፍኝ የሞቱ ሕፃናት ዝርዝር ነው። የሰፈሩ ሰዎች ቅዳሜ ስማቸውን በየኖሩበት ቤት ደጃፍ ሊለጥፉ ነው። እኔ አገሬ እያለሁ የጤና መኮንን ነበርኩ፤ እዚህ ጠዋት ቢሮ አጸዳለሁ፣ ከሰዓት ለእነሱ የሙታን መዝገብ አነባለሁ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስወለውል ስላረፈድኩ ወገቤ የኔ አልመስል ብሎኛል። ሜትሮው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬን አለፍኩና አንድ ፌርማታ በጭቃማ በረዶ ላይ በእግሬ ተመለስኩ።

ቀትር፣ ቤተ መዛግብት

እዚህ ጎራ ያልኩት ቀለም የፈሰሰበትን አንድ የቤት ቁጥር ለማጣራት ብቻ ነበር። ቡናና ቦለ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ በሰባ ክሮነር ገዝቼ በር ላይ ቆሜ በላሁ። የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ ሊዲያ እዚሁ ኦስሎ፣ ቫይትቬት ሰፈር የተወለደች ያገሬ ሰው ልጅ ናት። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እኔም ማረሙን ከተውኩ ቆየሁ። ዝርዝሬን አየችና አንድ ስርዝ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺን ለምን ሰረዝሻት?»

«ሄልጋን? ሁለቴ ተጽፋለች። አባቷ ያው፣ ቤቷ ያው፣ በሽታዋ ያው። መዝገቡን የያዙት ቄስ ደግመው ጽፈዋት ነው።»

«ኔይ፣ ድጋሚ አይደለም። ድሮ እዚህ ልጅ ከሞተ ለሚቀጥለው ያንኑ ስም ይሰጡት ነበር። ስኮለ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። የጥምቀቱን መዝገብ እይው።»

አየሁት። ሁለተኛዋ ሄልጋ ክርስትና የተነሳችው የመጀመሪያዋ በተቀበረች በዓመቱ ነው። አፈርኩ። እኔ ባደግኩበት የሞተ ልጅ ስም አይደገምም፤ ተከታዩን ካሳ፣ ማስረሻ፣ ምትኬ ይሉታል። የኔም ስም ምትኬ ነው። ሌላ ዓይነት አሰያየም ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅ።

«ሌላስ ሰርዘሻል?»

«ብዙ።»

«እስኪዘጋ ጊዜ አለን» ብላ ወንበር ሳበች።

የሰረዝኳቸውን አንድ በአንድ አመሳከርን። አንዳንዶቹ እውነትም ሁለቴ የተጻፉ ነበሩ። ከሄልጋ ሌላ ሦስት ልጆች ግን በኔ እስኪብርቶ ቅዳሜ ስማቸው ሳይለጠፍ ሊቀሩ ነበር።

አመሻሽ፣ ጋምለ ኦስሎ

በትራም ደረስኩ። ሄልጋዎቹ የኖሩበት ቤት ደጃፍ ላይ ዛሬ ብስክሌትና የሕፃን ጋሪ ቆሟል። ዝርዝሩን የሚረከቡት ሽማግሌ «አመሸሽ» አሉኝ።

«አራት ልጆች ጠፍተውብኝ ነበር» አልኳቸው።

ሻይ ጠጪ ቢሉኝም ከተቀመጥኩ የምነሳ አልመሰለኝምና አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት

ሞርተንሩድ እንደገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ከኔ በፊት የሞተችው ልጅሽ ስሟ ማን ነበር?»

 

«ትርንጎ» አለች። «ምነው ዛሬ?»

«በምን ሞተች?»

«ጉሮሮዋን ዘጋት። ሦስት ቀን አልቆየችም።»

ዘጊ አናዳ መሆን አለበት። የሰው አገር ሕፃናት በምን እንደሞቱ ስመዘግብ ስከርም፣ በምትኳ ስጠራ የኖርኩላትን እህቴን አንድ ቀን ማን ነበረች ብዬ አልጠየቅኩም። የዛሬው መንገድ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ እኔም ሰርዣት እንደኖርኩ።

«ንገሪኝ» አልኳት፤ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ካንቺ ይልቅ ቀላ ትል ነበር» ብላ ጀመረች።